ነገ ጠዋት ቦሌ

አንገትሽን ቀና አድርጊ። እንደሱ። ፀጉርሽን ነገ ጠዋት በጥድፊያ ከምናበላሸው ዛሬ ማታ አንዴ ሞክረነው እንደር፤ ነገማ ያንቺም እጅ የእኔም እጅ ይንቀጠቀጣል። ቅባቱን አታብዢ፣ መብራት ሲያርፍበት ላብ ነው የሚመስለው። ወደ ኋላ ሰብሰብ እናደርገዋለን፣ ጆሮሽ ይታይ፣ ግንባርሽ ይታይ፣ ከዚያ ጥቅልል አድርገን መረቡን አልብሰን በፒን ነው። ፒኑን ከአፍሽ አውጪና ስጪኝ።

ፀጉርሽን እኔ ልያዝልሽ ያልኩት እኮ በነጻ አይደለም። ፊት ለፊት ተቀምጠን ብመክርሽ «እሺ፣ እሺ» እያልሽ ስልክሽን ትነካኪያለሽ። ፀጉርሽ በእጄ ሳለ ግን የትም አትሄጂም። ሰባት ዓመት ሆስተስ ሆኜ በርሬ ያገኘሁትን ለነገው የቅጥር ፈተናሽ በአንድ ማታ ልዘረግፍልሽ ነው፤ አንቺ መስታወቱን እያየሽ ስሚኝ።

የልብሱን ነገር ቶሎ እንጨርሰው፤ ሳምንቱን ሙሉ እሱ ላይ ነው የከረምሽው። ጉርዱ ጉልበትሽን ይሸፍናል፣ ነጩ ሸሚዝ ልክሽ ነው፣ በቃ። ካውያውን ግን ዛሬ ማታ፤ ነገ መብራት ይኑር አይኑር ማን ያውቃል። የጎረቤታችንን ልጅ ጫማ መልሺላት። ያምራል፣ ውድም ነው፣ ግን አንድ ቁጥር ይጠብሻል፤ ወረፋው ግማሽ ቀን ሊፈጅ ይችላል፣ ሦስት ሰዓት ከቆምሽ በኋላ ፊትሽ ላይ የሚነበበው ፈገግታ ሳይሆን የእግርሽ አውራ ጣት ነው። ያንቺኑ ጥቁር ጫማ ቀለም ቀቢው። ጥፍርሽን አሳጥሪው። ሽቶ አንዴ ብቻ፣ ከንፈር ቀለም ስስ። የአክስታችን ሠርግ አይደለም።

ቁመት ይለካል፣ ክንድሽን ወደ ላይ ዘርግተሽም የት እንደምትደርሺ ያያሉ። ልኩ እንደየአየር መንገዱ ነው፤ ኤምሬትስ ለምሳሌ ዕድሜ ከ21፣ ቁመት ከ160 ሴንቲ ሜትር ያላነሰ፣ በእግር ጣት ቆሞ ደግሞ 212 ሴንቲ ሜትር መንካት ይጠይቃል። ያንቺን ማስታወቂያው ላይ አንብበሽዋል፣ ታልፊያለሽ። ለምን እንደሚለኩሽ ግን አስበሽ ታውቂያለሽ? ቁንጅና አይደለም። ከተሳፋሪው ራስ በላይ ካለው የዕቃ ማስቀመጫ ውስጥ፣ ከሻንጣው ጎን፣ እሳት ማጥፊያ አለ፣ የኦክስጅን ጠርሙስ አለ፣ የመጀመሪያ ዕርዳታ ሣጥን አለ። ካቢኑ በጭስ ሲሞላ ወንበር ላይ ወጥተሽ የምትንጠራሪበት ጊዜ የለሽም። ክንድሽ የሚለካው ለዚያች ደቂቃ ነው።

ንቅሳትም ያያሉ፤ የሚታይ ቦታ ላይ ከሆነ አያሳልፉም። አያታችን ያንን የአንገቷን ንቅሳት ይዛ ብትቀርብ ከበር ነበር የሚመልሷት፤ ከሁላችንም ይልቅ ለዚህ ሥራ የተፈጠረችው ግን እሷ ነበረች። ለምን እንደሆነ እመለስበታለሁ።

እዚህ ቤት ሆስተስ ማለት ቆንጆ ልጅ ትሪ ይዛ ስትስቅ ነው። እማዬም ለጎረቤት የምታወራው እሱን ነው። የሥራውን አጀማመር ግን ስሚ። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በግንቦት 1930 ኤለን ቸርች የምትባል አሜሪካዊት ነርስ ከካሊፎርኒያ ወደ ቺካጎ በሚበር አውሮፕላን ላይ ወጣች፤ በዓለም የመጀመሪያዋ ሴት የበረራ አስተናጋጅ እሷ ነች። የፈለገችው አብራሪ መሆን ነበር፣ መብረርም ተምራለች። ያንን አይሆንም ሲሏት «ሰው መብረር ይፈራል፣ ነርስ አብራው ስትሄድ ካየ ይረጋጋል» ብላ ኩባንያውን አሳመነችው። ሥራው ከጅምሩ ፈሪን የማረጋጋት፣ የታመመን የመያዝ ሥራ ነው። ቡናው በኋላ የመጣ ነው።

ዛሬም በብዙ አገር ሕግ ለ50 መቀመጫ ቢያንስ አንድ አስተናጋጅ መኖር አለበት። ምግብ ለማዳረስ ቢሆን ኖሮ በበረራው ርዝመት ይሰላ ነበር፤ በመቀመጫ የሚሰላው ሰው ማውጣት ስላለ ነው። አንድ የአውሮፕላን ዓይነት ከመፈቀዱ በፊት ሙሉ ተሳፋሪ ጭኖ፣ ግማሹ በር ተዘግቶ፣ በጨለማ፣ ሰው ሁሉ በ90 ሰከንድ ውስጥ መውጣት እንደሚችል መረጋገጥ አለበት። 90 ሰከንድ። አንቺ መነጽርሽን ለማግኘት ከዚያ በላይ ትፈጃለሽ።

የጃፓኑን ታስታውሺያለሽ? ታኅሣሥ 23 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ ቶኪዮ፣ ሃኔዳ አውሮፕላን ማረፊያ። ከሳፖሮ የመጣው የጃፓን አየር መንገድ ኤርባስ ኤ350 ሲያርፍ ማኮብኮቢያው ላይ ከነበረ የባሕር ዳርቻ ጠባቂ አውሮፕላን ጋር ተጋጭቶ በእሳት ተያያዘ። በትንሹ አውሮፕላን ላይ ከነበሩት ስድስት ሰዎች አምስቱ ሞቱ። በትልቁ ላይ 379 ሰው ነበር፣ ከእነሱ ውስጥ 12ቱ ብቻ ሠራተኞች። ከስምንቱ በሮች ሰው ማውጣት የተቻለው በሦስቱ ነው። የድምፅ ማጉያው አልሠራ ብሎ አስተናጋጆቹ በሜጋፎንና በራሳቸው ጉሮሮ ነበር የሚያዙት። 379ኙም በሕይወት ወጡ። ቪዲዮውን ዛሬ ከመተኛትሽ በፊት እዪው፤ እሳቱን ሳይሆን ሰዉን እዪ። ሻንጣ ይዞ የወጣ ሰው ፈልጊ፣ ማግኘት ይቸግርሻል። አንዲት ልጅ በሩ ላይ ቆማ «ዕቃ ተዉ» ስላለች፣ እንደ ልመና ሳይሆን እንደ ትእዛዝ ስላለች ነው።

የእኛም አለን። ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. የተጠለፈው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 767 ነዳጁ አልቆ ኮሞሮስ ባሕር ላይ ሲወድቅ 175 ሰው ነበረበት፤ 125ቱ ሞቱ። ካፒቴን ልዑል አባተ ውኃ ላይ ለማሳረፍ ያደረገውን ዓለም ሁሉ ያወራዋል። ብዙ ያልተወራለት ሌላ ነገር አለ። ከተሳፋሪው ብዙው የሕይወት ጃኬቱን አውሮፕላኑ ውስጥ እያለ ነፋው። ውኃው ሲገባ የተነፋው ጃኬት ወደ ጣሪያ አንሳፈፋቸው፣ ወደ በሩ ጠልቀው መውጣት አልቻሉም። በየበረራው «ጃኬቱን ከአውሮፕላኑ ሳይወጡ አይንፉ» ሲባል ማንም አይሰማም። ያቺ ዓረፍተ ነገር የተከፈለባት ናት። ነገ ስለ ደኅንነት ቢጠይቁሽ «ሴፍቲ ቀዳሚ ነው» ብለሽ አታልፊ፤ ይህን ያህል የሚያውቅ ሰው አነጋገሩ ራሱ ይለያል።

ቀና በይ፣ እንቅልፍ ወሰደሽ እንዴ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። አንቺና እኔ መስተንግዶ የሚባለውን ማንም ሳያስተምረን አውቀነዋል። ማስታጠቢያ መሸከም ከቻልንበት ቀን ጀምሮ የእንግዳ እጅ ስናስታጥብ፣ ቡና ከታላቅ ጀምረን ስንሰጥ፣ ማን እንዳልበላ በዓይናችን ስንቆጥር ነው ያደግነው። ይህን ፈታኝ ፊት ሰው ሠርቶ ሊያሳይ አይችልም፣ አንቺ ደግሞ አለሽ። ችግሩ ከመስተንግዶው ጋር አብሮ የሰጡን ሌላው ነገር ነው። ሴት ልጅ ድምፅዋን አታሰማም። ከትልቅ ሰው ፊት ዓይኗን ሰበር ታደርጋለች። ስትስቅ አፏን በእጇ ትሸፍናለች፤ ይኸው አሁንም ሸፈንሽ! እቤት ጨዋነት የሚሉት ይህ ነው፣ እኔም አልንቀውም። ፈታኙ ጠረጴዛ ፊት ግን ያው ዓይን መስበር የምትደብቂው ነገር ያለሽ ያስመስላል፤ ያው ቀስ ያለ ድምፅ «ይህቺ ልጅ ጭስ ውስጥ ማን ይሰማታል?» ያሰኛል።

አያታችን ግን እንደኛ አልነበረችም። እንግዳ ሲመጣ ከመቀመጫዋ ተነሥታ ዝቅ ብላ የምታስታጥበው ያቺው ሴትዮ፣ ማታ ከብቱ ሲጠፋ ጉብታው ላይ ወጥታ ከማዶ ለማዶ ስትጣራ ሸለቆው መልሶ ይጣራ ነበር። ዝቅ ማለቱም መጣራቱም አንድ ሰው ውስጥ ነበሩ፣ አልተጣሉም። እኛ ከተማ ገብተን፣ ግድግዳው ስስ ሆኖ፣ ጎረቤት እንዳይሰማ እያልን ግማሹን ጣልነው። አየር መንገድ ሲቀጥርሽ የጣልሽውን ግማሽ ነው የሚፈልገው።

መስተንግዶውም ቢሆን ሳይመነዘር አይሠራም። እቤት እንግዳ «በቃኝ» ሲል «በሞቴ» ብለን እናጎርሳለን። አውሮፕላን ላይ ጀርመናዊው «አልፈልግም» ካለ አልፈለገም፤ ሁለቴ ብትጠይቂው ይናደዳል። ልጆቿን ልትጠይቅ ወደ ዋሽንግተን የምትሄደው ነጠላ ለባሽ እናት ግን የመጀመሪያውን ውኃ እምቢ የምትለው ጠምቷት እያለ ነው፤ ይሉኝታ ነው። አንቺ ትንሽ ቆይተሽ ተመለሺ፣ ብርጭቆውን ቀድተሽ ያዢ፣ «እማማ፣ ለእርስዎ ነው የቀዳሁት» በይ። ትጠጣለች። ማን «አይ» ሲል አይ እንደሆነ፣ ማን ሲል ደግሞ «ድገሚኝ» እንደሆነ መለየት ነው ሥራው። ስለ ባህል ልዩነት ከጠየቁሽ ይህን በይ፤ «ሁሉንም ባህል አከብራለሁ» የምትለዋን ከፊትሽ ያሉት መቶ ልጆች ብለዋታል።

ሌላም አለ። ወደ ጂዳ፣ ወደ ሪያድ፣ ወደ ቤሩት የሚሄዱትን ልጆች ቦሌ አይተሻቸዋል፤ ወረቀታቸውን በፕላስቲክ ይዘው ተጠጋግተው የሚቀመጡት። ብዙዎቹ አውሮፕላን ሲያዩ የመጀመሪያቸው ነው። ቀበቶው እንዴት እንደሚቆለፍ አያውቁም፣ የመጸዳጃው በር እንዴት እንደሚከፈት አያውቁም፣ ጥሪ ቁልፉን ሲነኩ «ምን አጠፋሁ» ብለው ይደነግጣሉ። አንዳንድ ባልደረባ ትበሳጫለች፣ ጮክ ብላ በሰው ፊት ታስተምራለች። እኔም በመጀመሪያው ዓመት አንዷን ልጅ በእንግሊዝኛ «ሲት ዳውን» ብያታለሁ፣ አማርኛዬ አፌ ላይ እያለ። ልጅቷ በረራውን ሙሉ ከወንበሯ ሳትነሣ ሄደች። ዛሬም ሳስታውሰው ፊቴ ይግላል። ቀበቶ ስታሳዪ ቁጢጥ በይ፣ የራስሽን ፈትተሽ እሠሪ፣ ለሷ ብቻ በሚሰማ ድምፅ። በአፍ መፍቻ ቋንቋዋ አንድ ቃል ካወቅሽ ደግሞ ተጠቀሚበት። ኦሮምኛሽን ሲቪሽ ላይ ጻፍሽው? ዛሬውኑ ጨምሪ! ከእንግሊዝኛው እኩል ወርቅ ነው።

አሁን ማንም ያልሰማውን ልንገርሽ፣ እማዬ ግን እንዳትሰማ። እኔ የመጀመሪያ ጊዜ ስቀርብ ወድቄያለሁ። እቤት «ስም ዝርዝሩ ዘግይቷል» አልኳችሁ እንጂ ያን ቀን ማታ ነው ያወቅሁት። ፎቶ ኮፒ ቤት የሚሸጥ የጥያቄና መልስ ወረቀት ገዝቼ እንደ ዳዊት ሸመደድኩት። ገባሁ። «ድክመትሽ ምንድን ነው?» አሉኝ። «ሥራዬ ካልጠራ እንቅልፍ አይወስደኝም» ብዬ በእንግሊዝኛ አንበለበልኩት። መሀል ላይ የተቀመጠችው ሴት እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። አልተቆጣችም፣ አልሳቀችም፣ እስክሪብቶዋን ብቻ አስቀመጠች። ስወጣ ወረፋ ላይ ያለችው ልጅ ያንኑ ወረቀት ይዛ ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች። ያን ጊዜ ገባኝ፤ ሴትዮዋ ያንን ዓረፍተ ነገር ከጠዋት ጀምሮ ስትሰማው ነበር የዋለችው።

ሁለተኛው ጊዜ ያለ ወረቀት ሄድኩ። ካፌ ገንዘብ ተቀባይ ሆኜ የሠራሁበትን ነው ያወራሁት። ድክመቴን ሲጠይቁኝ «ስናደድ ዝም እላለሁ፣ ባልደረቦቼ ምን እንደሆንኩ አያውቁም፤ አሁን ቢያንስ 'ትንሽ ልረጋጋ' ብዬ መናገር ጀምሬያለሁ» አልኩ። እውነት ነበር፣ እውነቱም ትንሽ ያሳፍራል። ጻፉት።

አንቺ ፎቶ ኮፒ ቤት መሥራትሽን ልትደብቂው አስበሻል፣ አውቃለሁ። ሲቪሽ ላይ «የቢሮ ረዳት» ብለሽ ነው ያለፍሽው። ለምን? ያ ሰውዬ የጨረታ ሰነዱን ይዞ መጥቶ መብራት ጠፋና ጮኸብሽ፤ አንቺ ደግሞ ሱቁን ለልጁ ሰጥተሽ፣ ጄኔሬተር ያለበት ቤት ድረስ ይዘሽው ሄድሽ፣ ገጾቹን አብረሽ ቆጠርሽለት፣ በሰዓቱ አስገባ። በማግስቱ መጥቶ ማኪያቶ ጋበዘሽ። ለሳምንት ስታወሪልኝ ነበር እኮ! «የተናደደ ደንበኛ ገጥሞሽ ያውቃል?» ሲሉሽ ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ? አነጋገሩን ግን አሳምሪው፤ መጀመሪያ ሰውዬው ምን እንደፈለገ፣ ቀጥሎ አንቺ ምን እንዳደረግሽ፣ መጨረሻ ምን እንደሆነ። ሰውዬውን አትሳደቢ። ባለሱቁንም አታሚ፤ ቀጣሪውን ያማ ነገ እኛንም ያማል ይላሉ።

«ለምን ሆስተስ መሆን ፈለግሽ?» ለሚለው «ዓለምን ማየት እወዳለሁ» እንዳትዪ፣ አደራ። ዓለምን የምታዪው ከሆቴል መስኮት ነው፣ እሱም መጋረጃው ተዘግቶ፣ በቀን ተኝተሽ። አንድ ፋሲካ ጓንዡ ነበርኩ። እናንተ ዶሮውን በቪዲዮ እያሳያችሁኝ እኔ በእርጎ ዳቦ እበላ ነበር፤ ስትስቁ ስቄ ስልኩን ዘጋሁና አለቀስኩ። በዓል ላይ ለመሥራት ፈቃደኛ ነሽ ወይ ብለው ይጠይቁሻል። ቶሎ «አዎ» አትበይ፤ አስቢና «ይከብደኛል፣ ግን አውቄው ነው የመጣሁት» በይ። ያቺ ትንሽ ዝምታ ከፈጣን አዎ ትበልጣለች። ያላሰበ ሰው በስድስት ወሩ እንደሚለቅ እነሱ ያውቃሉ።

እንግሊዝኛሽ ይበቃሻል። በአፍንጫ አትናገሪ፤ ቦሌ አድገሽ የቴክሳስ ሰው ለመምሰል ስትሞክሪ ቃሉም ይጠፋሻል። አጭር ዓረፍተ ነገር፣ ቀስ ብሎ። ያልገባሽን ጥያቄ «እባክዎ ይድገሙልኝ» ማለት ነውር አይደለም፤ ሳይገባ መመለስ ነው ነውሩ። አውሮፕላን ላይ ካፒቴኑ የሚልሽ ሳይገባሽ «ኦኬ» ብትዪ ምን እንደሚከተል አስቢው።

ስለ ኢትዮጵያ አየር መንገድ ምን ታውቂያለሽ ካሉሽ ድረ ገጹን አትድገሚላቸው፣ የጻፉት እነሱ ናቸው። ሁለት ሦስት ነገር ያዢ፣ ግን ካንቺ ጋር የሚያያዝ ይሁን። በ1938 ዓ.ም. ተመሠረተ፤ በዚያው ዓመት መጋቢት 30 ቀን የመጀመሪያው በረራ በአስመራ በኩል ካይሮ ገባ። በ2004 የስታር አላያንስ አባል ሆነ፣ በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ የአፍሪካን የመጀመሪያ ድሪምላይነር ተረከበ። በኅዳር 2008 ከአብራሪ እስከ አስተናጋጅ ሴቶች ብቻ የሠሩበት በረራ በካፒቴን አምሳለ ጓሉ መሪነት ባንኮክ ደረሰ። ያን ቀን አንቺ ትንሽ ልጅ ነበርሽ፣ ቴሌቪዥኑ ላይ ተለጥፈሽ «ሁሉም ሴት?» እያልሽ ስትጠይቂኝ ትዝ ይለኛል። በቃ፣ ይህን ንገሪያቸው።

አንዲት የምወዳት ነገር ልጨምርልሽ፣ ለፈተናው ሳይሆን ለራስሽ። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ግድም ላይ ነው። ድሪምላይነር የቱንም ያህል ሽቅብ ቢወጣ ካቢኑ ውስጥ ያለው አየር 1,800 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ ካለው አየር ይበልጥ አይሳሳም። ስለዚህ ከአዲስ አበባ ስትነሺ አውሮፕላኑ ሰማይ ይወጣል፣ ሰውነትሽ ግን ባሕር ዳር የወረደ ያህል ነው። ሲነሣ «ትንፋሽ አጠረኝ» ላሉኝ አዛውንት አንዴ ይህን ብነግራቸው «እንግዲያው ጣና ስንደርስ ቀስቅሺኝ» ብለው ተኙ።

የቡድን ውይይት ካለ፣ አንድ ነገር ሰጥተው ተወያዩ ይሏችኋል። መልሱን ማንም አይፈልገውም። ብዙ የሚያወራው ሲወጣ፣ ዝም ያለውም ሲወጣ ታያለሽ። አንቺ ከአጠገብሽ ያለችውን ልጅ ስም ያዢ፣ ያልተናገረች ካለች «እሷ የምትለው ነበራት መሰለኝ» ብለሽ በር ክፈቺላት፣ ሰዓቱን ተመልከቺ። ማዕድ ላይ ያልበላውን እንደምትቆጥሪው ማለት ነው።

ክብደት ይለካል ብለሽ ከትናንት ጀምሮ እህል አልቀመስሽም፤ ደብቀሽኝ ነው እንጂ አይቻለሁ። በሁለት ቀን የሚቀንስ የለም፣ ወረፋ ላይ የሚወድቅ ግን አለ። ነገ ረቡዕ ነው፤ እማዬ «እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም አትቅመሺ» ካለችሽ ለእኔ ተዪልኝ፣ እኔ ከእሷም ከነፍስ አባትሽም ጋር እነጋገራለሁ። ሕክምና ምርመራው ላይ ያለሽን አትደብቂ፣ መነጽር እንደምታደርጊ ንገሪያቸው። «በውስጥ ሰው አስገባሻለሁ፣ ትንሽ ብር ላኪ» ብሎ የደወለልሽን ሰውዬ ቁጥር አጥፊው፤ ገንዘብ የሚጠይቅ ሁሉ ደላላ ነው። ካለፍሽ ደግሞ የሚያስፈርሙሽን ውል፣ የግዴታ ዘመንና ዋስ ካለው፣ ሳትፈርሚ ወደ ቤት ይዘሽው ነይ፤ አባዬ መነጽሩን አድርጎ ያንብበው።

ዋናው ማስረጃሽና ኮፒው በዚህ ክላሰር ነው። መታወቂያሽ ከላይ። ከቤት 12 ሰዓት ተኩል እንወጣለን፤ መገናኛ ላይ መንገዱ ከተዘጋ ቀኑ አለቀ። በሩ ላይ ያለውን ጥበቃ እንደ ሰው ሰላም በዪው። ወረፋ ላይ የምታለቅስ ልጅ ካየሽ ሶፍት ስጪያት፣ ማንም ባያይሽም።

ይኸው፣ አለቀ። ዞር በይ እስኪ። ግንባርሽ የእሷ ነው፣ የአያታችን።

አሁን ተነሺና እዚያ በሩ ጋ ቁሚ። ጫማሽን አውልቂ፣ ወለሉን ርገጪ። እጅሽን ከአፍሽ ላይ አንሺ። እኔ ሻንጣዬን ታቅፌ ወደ አንቺ እየሮጥኩ ነው፣ ከኋላዬ ጭስ አለ፣ ከእኔ ኋላ ሌላ መቶ ሰው አለ። በዪኝ። እማዬ ብትነቃ እኔ አስረዳታለሁ።

«ዕቃ ተዉ…»

ይህ ልመና ነው። ከሆድሽ አውጪው።

«ዕቃ ተዉ! ዝለሉ!»

ጎረቤት መብራት አበራ፣ ይብራ። ዓይኔን እዪ። እንደገና።